ርኅራኄ ድክመት ነው ወይስ ጉልበት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ርኅራኄ በተወራ ቁጥር ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይመጣሉ፣ ገሚሱ ከጥርጣሬ ነው ገሚሱ ከድካም፣ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል። እኔ የማምንበትን ቀድሜ ልናገር። ርኅራኄ ማለት የሰው ስቃይ ፊት ሳይሸሹም ሳይሰምጡም ቆሞ የሆነ ነገር ማድረግ መቻል ነው፣ ይሄ ደግሞ አቅም ይፈልጋል፣ አቅሙም በልምምድ ይመጣል። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ርኅራኄ ማለት ማዘን ማለት አይደል እንዴ?

ማዘን አለበት፣ እዛው ላይ ከቆመ ግን ርኅራኄ አልሆነም። ኮምፓሽን ፎከስድ ቴራፒ የሚባለውን ሕክምና ያዳበረው እንግሊዛዊው ሳይኮሎጂስት ፖል ጊልበርት ሁለት ነገር ያነሳል፣ አንዱ የራስንም ሆነ የሌላ ሰውን ስቃይ ልብ ማለት ነው፣ ሌላው ያን ስቃይ ለማቃለል ወይም ከነጭራሹ እንዳይመጣ ለማድረግ ቆርጦ መነሳት። ከንፈር መጦ የሚያልፍ ሰው የመጀመሪያውን በግማሽ ሰርቷል፣ ሁለተኛውን አልነካውም።

የመጀመሪያውም ቢሆን ቀላል እንዳይመስላችሁ። በጠና የታመመ ሰው ጋ ገብቶ አይን አይኑን እያየ ማውራት የሚከብደው ስንት አለ፣ ስልኩን የሚነካካው፣ ቶሎ «ይሻልሃል» ብሎ ወሬ የሚቀይረው፣ ሁለተኛ ላለመምጣት ሰበብ የሚፈልገው፣ ክፉ ሆኖ አይደለም እኮ፣ ስቃዩን ማየት መቋቋም ስላቃተው ነው። እዛ ቁጭ ብሎ መቆየት የሚችል ሰው ሌላው ያጣው የሆነ አቅም አለው። ጉልበት ነው የምለው እሱን ነው።

ከኢምፓቲ በምን ይለያል? እኔ ሰው ሲያለቅስ አብሬ ነው የማለቅሰው

የሌላው ስሜት ወደ እናንተ መጋባቱ ኢምፓቲ ነው፣ ጥሩ መነሻ ነው፣ እዛው ስትቀሩ ነው ችግሩ። በዚህ ላይ ብዙ የሰራችው ጀርመናዊቷ የአንጎል ተመራማሪ ታኒያ ሲንገር ነች። በ2004 ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት የአንጎል ስካነር ውስጥ የተኙ ሴቶች አጠገባቸው ያለው ፍቅረኛቸው እጁ ላይ ሲያመው የራሳቸው ህመም ከሚመዘገብባቸው የአንጎል ክፍሎች የተወሰኑት አብረው ሲነቁ ታየ፣ ማለትም «አመመኝ» ስትሉ በከፊል እውነታችሁን ነው።

ከዛ የመጣው ነገር ነው የበለጠ የሚገርመው። ሳይንስ ተምረው በኋላ የመነኮሱት ፈረንሳዊው የቡድሂስት መነኩሴ ማቲዩ ሪካር ስካነር ውስጥ ገብተው ስቃይን መጋራት ብቻ እንዲያደርጉ ተጠየቁ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ። እሳቸውም በዶክመንተሪ ያዩዋቸውን የሮማኒያ ማሳደጊያ ሕጻናት አሰቡ፣ ብዙም ሳይቆዩ ግን ዛሉ፣ ውስጤ አለቀ እስከማለት ደረሱ። ከዛ እነዛኑ ልጆች እያሰቡ ወደ ርኅራኄ ሜዲቴሽን ሲያልፉ፣ ማለትም ፍቅርና የመርዳት ፍላጎት ሲጨምሩበት፣ ስቃዩ ሳይጠፋ ሁኔታው ሁሉ ተቀየረ፣ መቀጠልም ቻሉ።

መነኩሴ ስለሆኑ ነው እንዳትሉ፣ ሲንገርና ኦልጋ ክሊሜኪ ምንም የሜዲቴሽን ልምድ የሌላቸውን ሴቶች አሰልጥነው ሞክረውታል። ኢምፓቲ ብቻ ሲሰለጥኑ የሰው ስቃይ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲያዩ የሚሰማቸው መጥፎ ስሜት ጨመረ፣ ቀጥሎ ርኅራኄ ሲሰለጥኑ ግን መጥፎው ስሜት ቀነሰ፣ ደግ ስሜት መጣ፣ አንጎላቸው ላይም የሚሰራው መረብ ሌላ ነው፣ ከመውደድና ከመቀራረብ ጋር የሚገናኘው ክፍል። ስለዚ አብሮ ማልቀስ ነውር አይደለም፣ ግን ያለቀሳችሁለት ሰው ዞሮ እናንተን ማባበል ከጀመረ፣ አንድ ደረጃ ይቀራችኋል ማለት ነው።

ሩህሩህ ሰው የሰው መጫወቻ አይሆንም?

ይሄ ከሁሉ በላይ የሚመጣው ጥያቄ ነው፣ የሚጠይቁትም ብዙ ጊዜ በደግነታቸው የተጎዱ ሰዎች ናቸው፣ ስለዚ በቀላሉ አላልፈውም። እስቲ አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፣ ባለፈው እሺ ያላችሁት ሰውየው ስላስፈለገው ነው ወይስ ፊቱ እንዳይጠቁርባችሁ ፈርታችሁ? ሁለተኛው ከሆነ እሱ ፍርሃት ነው፣ ርኅራኄ ላይ አታላኩት። እምቢ ማለት ስለማንችል የምናደርገው ነገር ከውጭ ሲያዩት ደግነት ይመስላል፣ ከውስጥ ግን ቂም ነው የሚያጠራቅመው፣ አንድ ቀን ደግሞ ይፈነዳል።

ወንድማችሁ ቁማር ይዞታል እንበል፣ በየወሩ እየመጣ ዕዳ አለብኝ ይላችኋል። በሰጣችሁት ቁጥር ዛሬ ይተነፍሳል፣ በሽታው ግን ይቀጥላል። ርኅራኄ ስቃዩንም የስቃዩን ምንጭም ነው የሚያየው፣ ስለዚ «ከዚህ በኋላ ብር አልሰጥህም፣ ለሕክምናው ግን አብሬህ እሄዳለሁ፣ ሌሊትም ቢሆን ደውልልኝ» ማለት ከመስጠቱ በላይ ይከብዳል፣ ይጮህባችኋል፣ ጨካኝ ትባላላችሁ፣ ያንን ችላችሁ ሳትጠሉት መቆየት ነው ዋናው ሥራ። የሚመታችሁ ሰው ጋር ከሆናችሁ ደግሞ ለሱ መራራት ማለት አብሮ መኖር ማለት በፍጹም አይደለም። ውጡ። ከሩቅ ሆኖም መልካም መመኘት ይቻላል።

ለራስ መራራት ሰነፍ አያደርግም?

ብዙ ሰው ራሱን ካልሰደበ የሚሰራ አይመስለውም። በ2003 ለራስ የመራራትን መለኪያ ያወጣችው ክሪስቲን ኔፍ ሶስት ነገር ትላለች፣ ለራስ ደግ መሆን፣ መውደቅ የሰው ሁሉ ነገር መሆኑን ማወቅ፣ ስሜቱን ሳያጋንኑም ሳይደብቁም ልክ እንዳለ ማየት። ከነዚህ ውስጥ «ምንም አይደለም ተኛ» የሚል የለም።

በ2012 ጁሊያና ብሬነስና ሴሬና ቼን በተግባር አዩት፣ ተማሪዎችን ከባድ የቃላት ፈተና ሰጥተው እንዲወድቁ አደረጉ፣ ገሚሶቹን በውድቀታቸው ለራሳቸው እንዲራሩ የሚያደርግ ነገር አሏቸው፣ ሌሎቹን «ጎበዝ እኮ ናችሁ» ዓይነት፣ የቀሩትን ምንም። ከዛ ለሁለተኛ ፈተና የፈለጉትን ያህል እንዲያጠኑ ሲተዋቸው ረዘም ላለ ጊዜ ያጠኑት ለራሳቸው የራሩት ናቸው። ሲታሰብ ግልጽ ነው፣ ስህተቱን ባየ ቁጥር የሚገረፍ ሰው ስህተቱን ማየት ያቆማል፣ ሰበብ ይፈልጋል፣ ወይ ጭራሽ ሙከራውን ይተዋል።

በተፈጥሮ ነው ወይስ ይለመዳል?

ሁለቱም፣ ግን መለመዱ ከሚጠበቀው በላይ ፈጣን ነው። በዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ በ2013 የወጣ ጥናት አለ፣ ሰዎች ለሁለት ሳምንት በቀን 30 ደቂቃ በድምጽ እየተመሩ ተለማመዱ፣ መጀመሪያ ለሚወዱት ሰው፣ ከዛ ለራሳቸው፣ ከዛ ለማያውቁት፣ መጨረሻ ላይ ለሚያስቸግራቸው ሰው «ከስቃይህ ተገላገል» እያሉ መመኘት ነው ልምምዱ። በኋላ አንድ ሰው ሌላውን በገንዘብ ሲበድል አሳይተው የራሳቸውን ብር አውጥተው ማስተካከል የሚችሉበት ጨዋታ ሲሰጧቸው፣ ስሜትን በአስተሳሰብ መቆጣጠርን ከተለማመዱት ሰዎች የበለጠ ሰጡ።

እዛው ዓመት ዴቪድ ዴስቴኖ ያለበት የቦስተን ቡድን ደግሞ ከጨዋታ ወጥቶ ወንበር ላይ ሞከረው። ስምንት ሳምንት ሜዲቴሽን የተማሩና ለመማር ገና ተራ የሚጠብቁ ሰዎችን አንድ በአንድ ወደ መጠበቂያ ክፍል ያስገቡና የቀረችው አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ከዛ በክራንች የምትሄድ ህመሟ ፊቷ ላይ የሚታይ ሴት ትገባለች፣ ሌሎቹ ተቀማጮች (የጥናቱ ሰዎች ናቸው) ሆን ብለው አያዩዋትም። ካልተማሩት ውስጥ 16 ፐርሰንት ተነሱላት፣ ከተማሩት 50 ፐርሰንት። እኔን የሚመስጠኝ ሁሉም ሰው ዝም ባለበት ክፍል ብቻውን መነሳቱ ነው፣ ያ ድፍረት ይፈልጋል።

ደግ ነኝ ብዬ አስባለሁ፣ ግን የወደቀ ሰው እያየሁ አልፌ አውቃለሁ። ምን ሆኜ ነው?

ቸኩለው ይሆናል። ለማጽናናት ብዬ አይደለም፣ ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን በ1973 ያሳተሙት ጥናት እሱን ነው ያሳየው። የፕሪንስተን የሥነ መለኮት ሴሚናሪ ተማሪዎችን 40 ሆነው ሌላ ሕንጻ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ጠየቋቸው፣ ለገሚሱ የተሰጠው ርዕስ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነው፣ በመንገዳቸው ላይ ደግሞ አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ እያሳለና እያቃሰተ ተቀምጧል። ጊዜ አላችሁ ከተባሉት 63 ፐርሰንት ረዱት፣ መካከለኛ ጥድፊያ ውስጥ ካሉት 45፣ አርፍዳችኋል ከተባሉት 10 ፐርሰንት ብቻ። ስለ ሳምራዊው ሊናገር የሚሄደውና ስለ ሌላ ነገር ሊናገር የሚሄደው ያን ያህል ልዩነት አላሳዩም።

ይሄ ለአለቆችና ለአስተዳዳሪዎች ትልቅ ነገር ይናገራል። «ደንበኛን በርኅራኄ አስተናግዱ» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፎ አንድን ሠራተኛ የሶስት ሰው ሥራ የሚያሠራ መሥሪያ ቤት፣ ወረቀቱን ቢያነሳው ይሻለዋል፣ ሰው መቅጠር ነው ያለበት። ለራሳችን ደግሞ፣ ቀናችንን ትንፋሽ እስኪያጥር ካጨናነቅነው ደግ ለመሆን ቦታ እንዳልተውን ማወቅ ነው።

ለአንድ ልጅ እናለቅሳለን፣ ሺዎች ሲያልቁ ግን ቻናል እንቀይራለን። ለምን?

ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይንና ፖል ስሎቪክ በ2007 ባወጡት ጥናት ስለ አንዲት የተራበች ልጅ ያነበቡ ሰዎች ስለ ሚሊዮኖች ረሀብ በቁጥር ካነበቡት ከእጥፍ በላይ ለገሱ፣ የልጅቷ ታሪክና ቁጥሩ አንድ ላይ ሲቀርብ ደግሞ ልገሳው የልጅቷ ታሪክ ብቻ ከቀረበበት በጣም ወረደ። ልባችን ደንዝዞ ነው ብለን ልንደመድም እንችላለን፣ ዳሪል ካሜሮንና ኪት ፔይን በ2011 ያሳዩት ግን ሌላ ነው፣ ሰው ቁጥሩ ሲበዛ ሸክሙ ሊያሰምጠው መሆኑ ስለሚታወቀው ስሜቱን ራሱ ቀድሞ ይዘጋዋል፣ ገንዘብ እንደማይጠየቅ ካወቀ ግን መዝጋቱ ይቀራል። ማለትም ስሜቱ ነበረ፣ ፈርተነው ነው።

ፖል ብሉም የሚባል ሳይኮሎጂስት በዚህ ምክንያት የሕዝብ ጉዳይ በኢምፓቲ መመራት የለበትም ይላል፣ ስሜት የሚያደላው ለቅርባችን፣ ለሚመስለንና ፎቶው ለደረሰን ሰው ነው፣ ርኅራኄ ከማሰብ ጋር ይሁን ነው የሚለው። እስማማለሁ። በጀት ስትመድቡ፣ ሕግ ስትጽፉ፣ እርዳታ ስታከፋፍሉ ቁጥሩን የግድ እዩት፣ ለቅሶው ላልደረሰን ሰው የሚደርስለት ቁጥር ነው።

ነርስ ነኝ፣ ድሮ እራራ ነበር አሁን ምንም አይሰማኝም። ጨካኝ ሆንኩ?

አልሆንሽም። እንዲህ መደንዘዝ በነርሶች፣ በሶሻል ወርከሮች፣ በአደጋ ሠራተኞችና የታመመ ቤተሰብ በሚያስታምሙ ሰዎች ላይ በደንብ የታወቀ ነገር ነው፣ የርኅራኄ ድካም ይሉታል፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ፊግሊ ብዙ ጽፎበታል። እነ ሲንገር ስሙን ራሱ ይከራከሩታል፣ የሚያደክመው ርኅራኄ ሳይሆን ስቃዩን ያለ መውጫ መጋራት ነው ብለው። ከላይ ያልነውን ልምምድ መጀመሩ ይረዳል፣ ፈረቃሽን ጨርሰሽ ከመውጣትሽ በፊት ዛሬ ማንን እንደረዳሽ ለአንድ ባልደረባ መናገሩም እንደዛው።

ግን ጥፋቱን ሁሉ አንቺ ላይ ጥሎ «ሜዲቴሽን አድርጊ» የሚል አለቃ ካለ ልክ አይደለም። የእንግሊዝን ጤና አገልግሎት ለብዙ ዓመት ያጠናው ማይክል ዌስት ሩህሩህ አመራር ሲል አራት ነገር ይዘረዝራል፣ ሠራተኛውን ማዳመጥ፣ የገጠመውን መረዳት፣ ስሜቱን መጋራት፣ ከዛ መርዳት፣ እና አራተኛው ብዙ ቦታ ላይ የሚረሳው ነው። መርዳት ማለት ፈረቃ ማስተካከል፣ ጓንት ማምጣት፣ እረፍት ማክበር ነው። እንቅልፍሽ ከተዛባ፣ መኖር ካስጠላሽ ግን ቆይ አትበይ፣ ባለሙያ አናግሪ።

በሽተኛው ብዙ ነው፣ ለመራራት ጊዜ የለኝም

አርባ ሰከንድ አለዎት? በ1999 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ሴቶችን የካንሰር ሐኪም ምክር የሚሰጥበት ቪዲዮ አሳዩ፣ ለገሚሶቹ የታየው ቪዲዮ ላይ ሐኪሙ «ከባድ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፣ አብረን ነን» ዓይነት ንግግር ተጨምሮበታል፣ ጭማሪው 40 ሰከንድ ገደማ ነው። እሱን ያዩት ሴቶች ጭንቀታቸው ቀነሰ።

ፖለቲካ ውስጥ ርኅራኄ አይሠራም፣ የሚራራ መሪ ይበላል

ማርች 15 ቀን 2019 ክራይስትቸርች ውስጥ ሁለት መስጊዶች ላይ በተፈጸመው ጥቃት 51 ሰው ሞተ። የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን ጸጉራቸውን ሸፍነው ቤተሰቦቹ ጋ ሄዱ፣ አቀፏቸው፣ የገዳዩን ስም አልጠራም አሉ፣ ይሄን ሁሉም ያስታውሳል። ብዙ ሰው የሚረሳው ቀጥሎ የሆነውን ነው፣ አንድ ወር ሳይሞላ ፓርላማው አብዛኞቹን ከፊል አውቶማቲክ መሣሪያዎች የሚያግድ ሕግ በ119 ለ1 አጸደቀ። ማቀፉና ሕጉ አንድ ነገር ናቸው፣ ጊልበርት ካለው ጋር አያይዙት፣ ማስተዋል፣ ከዛ እንዳይደገም ማድረግ። አቅፎ ሕጉን የማይነካ መሪ ካሜራ ፊት አዝኗል፣ በቃ።

አርደርን በ2023 አቅሜ አልቋል ብለው በገዛ ፈቃዳቸው ሥልጣን ለቀዋል። አንዳንዱ «አየህ አላዋጣም» ይላል፣ እኔ ግን አልቆብኝ ሥልጣን ላይ ሙጥኝ ከሚል ሰው ይልቅ እሳቸውን አምናለሁ።

ለበደለኛ መራራት ፍትህን አያጠፋም?

ሊያጠፋ ይችላል፣ እንዴት እንደተደረገ ነው ወሳኙ። ደቡብ አፍሪካን እንይ። ማንዴላ 27 ዓመት ታስረው ወጥተው በቀል አይሁን አሉ፣ በ1996 ምስክር መስማት የጀመረውን የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ጳጳሱ ዴዝመንድ ቱቱ መሩት። ዝም ብሎ ይቅር ተባባሉ አልነበረም፣ ምህረት የፈለገ ሰው ያደረገውን በሙሉ መናገር ነበረበት፣ ድርጊቱም የፖለቲካ ዓላማ እንደነበረው ማሳየት። ከ7 ሺህ በላይ ሰው አመልክቶ ምህረት ያገኘው 849 ነው። በፖሊስ እጅ ሳለ ከሞተው የአፓርታይድ ተቃዋሚ ከስቲቭ ቢኮ ሞት ጋር በተያያዘ ያመለከቱት ፖሊሶች ምህረት ተከልክለዋል።

ግን ጎዶሎም ነበረው። የቢኮ ቤተሰብን ጨምሮ የተበደሉ ሰዎች ምህረቱ ክስ የመመስረት መብታችንን ይነጥቀናል ብለው ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተረትተዋል፣ ካሳውም በ2003 ለአንድ ሰው አንዴ 30 ሺህ ራንድ ሆኖ ነው የተወሰነው፣ ኮሚሽኑ ካቀረበው ሐሳብ በጣም ያነሰ። ለበደለኛው የተሰጠው ምህረት ቶሎ ደረሰ፣ ለተበዳዩ የሚገባው ዘገየና ቀነሰ፣ ይሄ ልክ አይደለም። ርኅራኄ በአደባባይ ሲሠራ መጀመሪያ የሚያየው የተጎዳውን መሆን አለበት፣ በደለኛውን ሰው ነው ብሎ ማየቱ ከዛ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። እስር ቤት ያለን ሰው አለማሰቃየት፣ ማስተማር፣ በሕጉ መሠረት ብቻ መቅጣት ግን ለማንም የሚቀር አይደለም።

ሰው ሲራራልኝ ይጨንቀኛል፣ ልሽሽ ሁሉ ይለኛል

ብቻዎትን አይደሉም፣ ጊልበርትና ባልደረቦቹ ይሄን ፍርሃት የሚለካ መጠይቅ እስከማዘጋጀት ደርሰዋል። ልጅ ሆኖ የሚያቅፈው ሰው እሱ ራሱ የሚመታው ከነበረ፣ ወይ ደግነት ሁሌ ዋጋ ካስከፈለው፣ ትልቅ ሆኖም ሰው ሲቀርበው ሰውነቱ አደጋ ይለዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ትንሽ ደግ ነገር ሲያገኝ ስንት ዓመት ያላለቀሰው ለቅሶ ይመጣበታል። አይታገሉት፣ በትንሽ በትንሹ ነው፣ ከሚያምኑት አንድ ሰው ጋር፣ ቢቻል ከቴራፒስት ጋር።

የተጎዳ ሰው ፊት ምን ልበል?

ትንሽ ማለት ይበቃል። «ሁሉም ለበጎ ነው»፣ «ካንተ የባሰ አለ»፣ «እኔም እኮ አንዴ» የሚሉት ይቅሩ። ጠይቁት፣ ሲናገር አታቋርጡት፣ ዝም ካለም አብራችሁ ዝም በሉ። «የሚያስፈልግህ ካለ ንገረኝ» ከማለት የታወቀ ነገር ይዛችሁ ኑ፣ «ነገ ልጆቹን እኔ ነኝ ከትምህርት ቤት የማመጣቸው» ዓይነት፣ ያዘነ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው አስቦ ለመጠየቅ ራሱ አቅም የለውም። ሰው ሁሉ ሲበተን፣ ከወር ከሁለት ወር በኋላ መልሳችሁ ደውሉ። ሕይወቱን ለማጥፋት እንዳሰበ ከጠረጠራችሁ ደግሞ በቀጥታ ጠይቁት፣ መጠየቃችሁ ሐሳቡን አይከትበትም፣ አዎ ካላችሁ ብቻውን አትተዉት፣ ምስጢር እጠብቃለሁ ብላችሁም ቃል አትግቡ፣ አብራችሁት ሐኪም ጋ ሂዱ።